ውሃው በ92 ዲግሪ ፈላ፤ ልጅዎ አልተሳሳተችም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጄ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ የሚፈላ ውሃን ሙቀት ለክታ ነበር። እሷ 92፣ ጓደኞቿ 92.5 እና 93 ዲግሪ ሴልሺየስ አነበቡ። መጽሐፉ ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ስለሚል ‹ተሳስታችኋል› ተባሉ፤ ልጄም ቁጥሯን በላጲስ አጥፍታ 100 ብላ ጻፈች። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ልግዛላት? ቤት ውስጥ መለካት እንድትለማመድስ ምን ያስፈልጋታል?»

ውድ ጠያቂ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ 92ን መልሳ ትጻፍ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ፒያሳም ይሁን አራት ኪሎ ወይም መስቀል አደባባይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ የሚፈላ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ እዚያው ይቆማል። ልጆቹ ያነበቡት ይህንኑ ነው። እኔ የቤተ ሙከራ መለኪያ መሣሪያዎችን ትክክለኛነት በመፈተሽ ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ በተራ የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር እንዲህ የተቀራረበ ንባብ ያመጡ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ጎበዞች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የከነከነኝ ቁጥሩ በላጲስ መጥፋቱ ነው።

ይሁንና «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው መጠየቅዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ደግሞ ከእኔ ቃል ይልቅ ከመሣሪያው ከራሱ ቢያገኙት እመርጣለሁ። ከልጅዎ ጋር ሆናችሁ ፈትኑት። የሚያስፈልጋችሁ በረዶ ብቻ ነው።

ንጹህ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሲረጋ፣ በረዶውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ከትክቱት። ሳይከተከት እንዳለ ብትጠቀሙበት በበረዶዎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስለሚኖር ቴርሞሜትሩ በረዶውን ትቶ አየሩን ይለካል። የተከተከተውን በረዶ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉና ክፍተቱን ለመሙላት ያህል ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። በረዶው ወደ ላይ ተንሳፎ ከታች ውሃ ብቻ ከቀረ ውሃው በዝቷልና ቀንሱለት። ከዚያ ፈሳሹን የያዘው የቴርሞሜትሩ ጫፍ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ በረዶው መካከል ይግባ፤ ቀስ እያላችሁም አማስሉት።

አሁን ቀዩን መስመር ተመልከቱ። መጀመሪያ ቁልቁል ይሮጣል። አራት ወይም አምስት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይለግማል፤ ከዚያ እየተንፏቀቀ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩ ሲለግም የቆመ መስሎት ቁጥሩን ይጽፋል። መታገስ ያስፈልጋል። መስመሩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ነው የሚነበበው። ዜሮ ላይ ከቆመ ደህና። 1 ላይ ቢቆም ግን ቴርሞሜትሩ አንድ ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነውና ከንባቦቻችሁ ላይ አንድ አንድ ቀንሱ። በዚህ ምክንያት መጣል የለበትም። እኛም በሥራችን ላይ ከፍፁም መሣሪያ ይልቅ ስሕተቱ ስንት እንደሆነ የታወቀና የተጻፈ መሣሪያ ነው የምንፈልገው።

ለፈተናው በረዶን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የሚቀልጥ በረዶ ሙቀት ከፍታን ተከትሎ በዚህ ቴርሞሜትር በሚታይ መጠን አይለወጥም። ጅቡቲ ወደብ ላይም፣ ፒያሳም፣ እንጦጦ ጫፍ ላይም ዜሮ ነው። የሚፈላ ውሃ ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ቴርሞሜትርን «100 ያሳያል ወይስ አያሳይም» ብሎ መፈተን፣ ደህናውን መሣሪያ በሐሰት መክሰስ ነው። እርግጥ የበረዶው ፈተና የሚመሰክረው ለታችኛው ጫፍ ብቻ ነው። ለላይኛው ጫፍ ሌላ ቴርሞሜትር ተውሳችሁ ሁለቱን በአንድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጎን ለጎን ማስተያየት ትችላላችሁ።

ለመሆኑ ውሃ ለምን በ92 ይፈላል? ምድጃ ላይ የተጣደ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲቃረብ የሚያሰማውን የሹክሹክታ ድምፅ ያስታውሱ። በዚያ ሰዓት ከታች፣ ትኩሱ ብረት ላይ፣ ትንንሽ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ። ወደ ላይ ሲወጡ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ያገኛቸዋል፤ በውስጣቸው ያለው እንፋሎት ይዳከማል፤ ከውጭ የሚጫናቸው ግፊት ያይልባቸውና ይጨፈለቃሉ። ድምፁ የእነሱ መጨፍለቅ ነው። ውሃው ሁሉ በደንብ ሲሞቅ እንፋሎቱ የሚጫነውን ግፊት ለመመከት አቅም ያገኛል፤ አረፋው ሳይጨፈለቅ ላይ ደርሶ ይፈነዳል። ያኔ ሹክሹክታው ያበቃና ውሃው ይንተከተካል። ፈላ የምንለው ይህን ነው።

እንግዲህ ያ የሚጫነው ግፊት በአብዛኛው ከበላያችን ያለው አየር ክብደት ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በላያችን ያለው አየር ባህር ዳርቻ ካለው ይሳሳል፤ ግፊቱ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። የሚጫነው ሲቀንስ እንፋሎቱ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ሙቀትም ይቀንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። 2,400ን ለ300 ስታካፍል ልጅዎ ስምንት ታገኛለች፤ ከ100 ላይ ስምንት ሲነሳ 92። ይህን ስሌት ራሷ እንድትሠራው ያድርጉ፤ የደስታዋን መጠን ያያሉ።

የድሮው ባቡር መንገድ ይህን ለማሰብ ይመቻል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አንድ ተማሪ ማንቆርቆሪያና ቴርሞሜትር ይዞ ከወደቡ ተሳፈረ እንበል። ጅቡቲ ላይ ውሃው በ100 ይፈላል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ሲደርስ 96 ይሆናል። አዳማ ላይ 94 ከምናምን። ለገሃር ሲወርድ 92። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ እንጦጦ ጫፍ ቢወጣ ወደ 90 ይጠጋል፤ ራስ ዳሽን ላይ ደግሞ 85 አካባቢ ነው። ከባህር ጠለል በታች የሆነው ዳሎል ላይ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። በአንድ አገር ልጆች መጽሐፍ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ሲታተም ይህ ሁሉ ይቀራል። የዛሬዎቹ የከፍታ መለኪያ መሣሪያዎች ባልነበሩበት ዘመን ተጓዦች ይህንኑ ገልብጠው ይጠቀሙበት ነበር፤ ተራራ ላይ ውሃ አፍልተው፣ የፈላበትን ዲግሪ አንብበው፣ የቆሙበትን ከፍታ ያሰሉ ነበር።

ስሙ በልኬቱ ላይ የተቀመጠው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስም ጉዳዩን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1742 ልኬቱን ሲያቀርብ፣ የውሃ መፍያ ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥና የበረዶ መቅለጫ ግን እንደማይለዋወጥ አረጋግጦ ነበር። ስለዚህ 100 ሲባል ከመጀመሪያውም «በዚህ የአየር ግፊት» የሚል ቅድመ ሁኔታ ተያይዞበታል። (ለልጅዎ የሚያስገርማት ሌላም ነገር አለ፤ ሴልሺየስ ራሱ መፍያውን ዜሮ፣ መቅለጫውን 100 አድርጎ ነበር የጻፈው። የተገለበጠው እሱ ካለፈ በኋላ ነው።)

ይህን ጉዳይ ማእድ ቤት ውስጥም ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ጊዜ ይፈጃሉ፤ በ92 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ነዋ የሚቀቀሉት። እሳት መጨመር አይረዳም። ይህንንም መሞከር ይቻላል፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ምድጃውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት፤ ውሃው ይንፈቀፈቃል፣ ቶሎም ያልቃል፣ ቀዩ መስመር ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ድስት ባቄላውን ቶሎ የሚያበስለው፣ ውስጡ ያለው ውሃ ከ92 በላይ እንዲሞቅ ስለሚያስገድደው ነው።

ወደ ሦስቱ ንባቦች ልመለስ። «አንድ ውሃ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ ሦስት ቁጥር፤ ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?» ብላ ልጅዎ ብትጠይቅ መልሱ ሦስቱም ነው። ቴርሞሜትሩ ላይ በሁለት ሰረዞች መካከል ያለው ርቀት አንድ ዲግሪ ከሆነ፣ ግማሹን የምትገምተው ዓይን ናት፤ የሁለት ሰው ዓይን ደግሞ በግማሽ ዲግሪ መለያየቱ ያለ ነው። አማካዩ 92.5 ይመጣል። «92.5፣ ግማሽ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል የሚችል» ብሎ መጻፍ ከአንዱም ንባብ የበለጠ እውነት ይናገራል።

ቢሆንም ልዩነቱን ማጥበብ ይቻላል። አንደኛው የዓይን ከፍታ ነው። ጠረጴዛው ረጅም፣ ልጅቷ አጭር ከሆነች ቀዩን መስመር ከታች ወደ ላይ ታየዋለች፤ ያኔ ጫፉ ከትክክለኛው ሰረዝ ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር የተገናኘ መስሎ ይታያታል። በርጩማ ላይ ትቁም፤ ዓይኗ ከመስመሩ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ሁለተኛው የድስቱ ወለል ነው። ወለሉ ከውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ፣ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከነካው ንባቡ ከፍ ይላል። 93 የመጣው በዚህ ሊሆን ይችላል። እኔ ቤት ውስጥ ስሠራ ማማሰያ በድስቱ አፍ ላይ አጋድሜ፣ ቴርሞሜትሩን በክር አስሬ ከእሱ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ጫፉ ውሃው መካከል ተንሳፎ ይቀራል፣ እጅም ከእንፋሎት ይድናል። እንፋሎት ክፉኛ ስለሚያቃጥል ይህን ሙከራ ልጆች ብቻቸውን አይሥሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። የተሠራው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ላለው የሰው ሙቀት ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መሄጃ ሲያጣ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። የድሮው ዓይነት ከሆነ የሚፈስሰው ሜርኩሪ ነው፤ ትነቱ መርዝ ነው። የብር ቀለም ያላቸው ኳሶች መሬት ላይ ሲንከባለሉ ልጅ ያማልላሉ፤ በእጅ መንካትም በመጥረጊያ መጥረግም አይገባም። መስኮት ከፍቶ ልጆቹን ከክፍሉ ማስወጣት ይቀድማል።

ሌላ ቴርሞሜትር ልግዛ ወይ ላሉት፣ በበረዶ ተፈትኖ ዜሮን ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ካነበበ አይግዙ። ከመግዛት ካልቀረ ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 110 የሚያነብ፣ ቀይ ፈሳሽ ያለው ይበቃል። ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያቆዩት።

ለቤት ልምምድ ከሚያስፈልገው አብዛኛው ቤታችሁ ውስጥ አለ። ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ። ለፈሳሽ ይዘት ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይግዙላት፤ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ሰረዞቹም ጥሩ ናቸው። የሚነበበው ውሃውን በሚነካው የጥቁሩ ጎማ ጠርዝ ላይ ነው፤ አየር ካለበት ጫፉን ወደ ላይ አድርጋ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ታስወጣው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው መስመር የተሰመረበት የመስታወት ሲሊንደር ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ውሃው ጎኑን ታክኮ ወደ ላይ ስለሚወጣ መካከሉ ይጎደጉዳል። የሚነበበው የጉድጓዱ ታች ነው፣ ዓይንም እዚያው ከፍታ ላይ መሆን አለበት። የማእድ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ያህል መመዘኑን በእሱ ታረጋግጥ፤ መጀመሪያ ባዶውን ዕቃ መዝና መቀነሷን እንዳትረሳ።

ከሁሉ የምወደውን ልምምድ ልንገርዎ። አንዲት የወረቀት ቅጠል ምን ያህል ትወፍራለች? ማስመሪያው ላይ ያለው ትንሹ ክፍፍል አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዲት ቅጠል ከዚያ በጣም ትቀጥናለች፣ ልትለካ አትችልም። ነገር ግን 100 ቅጠል ተቆጥሮ፣ በጣት ጫን ተብሎ አንድ ላይ ቢለካ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ለ100 ሲካፈል የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ። በሚሊ ሜትር ማስመሪያ የማይታየውን ለካች ማለት ነው። ገጽና ቅጠል እንዳትቀላቅል ብቻ ያስታውሷት፤ 100 ቅጠል 200 ገጽ ነው።

ክንድና ስንዝርንም አትናቁ። እርስዎ፣ እሷና ወንድሟ ወይም አያቷ አንዱን ጠረጴዛ በየክንዳችሁ ለኩት። ሦስት የተለያየ ቁጥር ይመጣል፤ ሦስታችሁም ግን በትክክል ለክታችኋል። የጨርቅ ገበያተኛ ባለ ረጅም ክንድ ሻጭ የሚፈልገው ለምን እንደነበረ፣ ሜትር ለምን እንደተፈለገም በአንድ ጊዜ ይገባታል።

ምናልባት አሁን «ታዲያ በመጽሐፉ ያለው ቁጥር ሁሉ ለአዲስ አበባ አይሠራም ማለት ነው?» ብላ ትጠይቅ ይሆናል። አይደለም። የስበት ኃይልን እንውሰድ። መጽሐፉ 9.8 ይላል፤ እኛ ጋ ከፍታውም ለምድር ወገብ መቅረቡም ተደምሮ 9.77 ገደማ ነው። ልዩነቱን በትምህርት ቤት የሞላ ሚዛን ልታየው አትችልም፤ ስለዚህ 9.8 ብላ ብትሠራ አልተሳሳተችም። የመፍያ ነጥቡ ግን በስምንት ዲግሪ ነው የራቀው፤ ማንም ቴርሞሜትር ያሳየዋል። ልዩነቱ በእጇ ባለው መሣሪያ የሚታይ ነው ወይስ የማይታይ? መጠየቅ ያለባት ይህን ነው። ቦታ ራሱ ለልኬት ዋጋ እንዳለው ለማየት ደግሞ ከቤታችሁ ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ (የምድር መግነጢስ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም ለሚሆንበት መስመር) ቅርብ መሆኗ ለመግነጢስ ልኬት ተፈላጊ አድርጓት ነበር።

መምህሯን በሚመለከት፣ ልጅዎ ይህን ሁሉ ይዛ «ተሳስተዋል» ለማለት እንዳትሄድ አደራ እላለሁ። መምህሩ ያስተማሩት መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው፤ ፈተናም ሲመጣ መልሱ ያው 100 ሊሆን ይችላል፣ በባህር ጠለል ከፍታ እስከሆነ ድረስም ትክክል ነው። የበረዶውን ፈተና ሠርታ፣ ውጤቱን ይዛ፣ «መምህር፣ ቴርሞሜትሩን በበረዶ ስንፈትነው ዜሮ አነበበ፤ ለምን ይመስልዎታል ውሃው በ92 የፈላው?» ብላ በአክብሮት ብትጠይቅ፣ እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ መምህራን ሙከራውን ለክፍሉ በሙሉ ይደግሙታል።

ደብተሯንም እንዲህ ታስተካክለው። 100ን በላጲስ አታጥፋው፤ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዝ። በቤተ ሙከራ ደብተር ላይ የተሳሳተ ቁጥርም እንዲህ ተሰርዞ ይቆያል እንጂ አይጠፋም፤ በኋላ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላልና፣ የእሷም 92 የደረሰበት ይኸው ነው። ከሥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን («4 ሰዓት» ብቻ ሳይሆን «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብላ)፣ ቦታውን ከነከፍታው፣ የቴርሞሜትሩን ዓይነትና በበረዶ ውስጥ ያነበበውን ትጻፍ። ቀጥሎ፦ «የተነበበው 92፣ 92.5፣ 93። አማካይ 92.5 ዲግሪ ሴልሺየስ። በመጽሐፉ 100፣ በባህር ጠለል ከፍታ።»